የተፈናቀለ ሰው እንደራሴው ማን ነው?

እሷ፦ ከአዲስ አበባው ዊንጌት በአስኮና በቡራዩ የሚወጣውን መንገድ ብትይዝ አምቦንና ነቀምትን አልፈህ ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ትደርሳለህ። እዚያው ጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ቀበሌ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ አማሮች ነበሩ።

እሱ፦ ነፍስ ይማር! ከወለጋ የሸሹት ደግሞ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ገብተው ዓመታት አሳለፉ።

እሷ፦ የባሕር ዳሩ ተመራጭ ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ ጉዳዩን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ደጋግመው አንስተዋል።

እሱ፦ ቆይ እስቲ፣ እዚህ ላይ ልግባ። «የመረጣቸው ባሕር ዳር ነው፤ ወለጋ ምን አገባቸው?» የሚል አይጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ግን የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላል። ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። ቀዬውን ያጣ ሰው የመረጠበትንም ወረዳ አጥቷል። እንደራሴም ይጣ እንዴ?

እሷ፦ በፍጹም! ግን የሚናገረውም ሰው ዋስትና ይፈልጋል። ያው አንቀጽ አባሉ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው (አብን) የምክር ቤት አባል ክርስቲያን ታደለ ግን በ2015 ክረምት ታሰሩ። ይሄ ያስፈራኛል፤ ነገ ስለ ተፈናቃዩ ማን ይናገራል?

እሱ፦ ሕጉማ አለ። ይኸው ምክር ቤት ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የተደረገውን የካምፓላን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቋል። ተፈናቃይን መጠበቅና መርዳት በቅድሚያ የመንግሥት ግዴታ ነው።

እሷ፦ እንግዲያው እንደራሴዎቻችን መጠለያው ድረስ ሄደው እህሉ፣ መድኃኒቱ ደረሰ ወይ ብለው ይጠይቁ። ጠመንጃ ያነሳውንም፣ መንግሥትንም ተኩስ አቁሙ ይበሉ።