ከባሕር ማዶ የመጣው ብልቃጥና የእኛ ስልጆ
(ለማኅበራችን አባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከቁጠባችን ወጪ አድርገን የባልትና ሥራችንን እናስፋ ወይስ ይቅር የሚለው ሐሳብ ሲነሳ፣ «መጀመሪያ ቀምሳችሁ፣ አወዳድራችሁ ንገሩን» ብላችሁ ለሒሳብ ክፍሉና ለባልትናው ቡድን ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። ቀምሰናል። የመጣነውም ያየነውን ልንነግራችሁ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ነገር ቀረበ፤ አዋዜ፣ ዳጣ፣ የሱማሌዎቹ በስባስ፣ ስልጆ፣ እና ሁለት የውጭ አገር ብልቃጦች። ብልቃጦቹን ያመጣችልን ሜልበርን የምትኖር የአንዲት አባላችን ልጅ ናት። አንዱ ማርማይት ይባላል፤ የእንግሊዞች ነው። ሌላው ቬጂማይት፣ የአውስትራሊያኖች። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ዳቦ ላይ ይቀባሉ። ብዙዎቻችሁ «ደግሞ እሱ ምንድነው?» ስላላችሁን ከእነሱ እንጀምር።

የሚሠሩት ከቢራ እርሾ ነው። ቢራ ሲጠመቅ የሚዘቅጥ እርሾ አለ፤ እኛ ከጠላ አተላ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። እርሾው በጨውና በሙቀት እንዲፈርስ ይደረጋል፣ ቅርፊቱ ተጣርቶ ይወጣል፣ የቀረው ፈሳሽ እስኪወፍር ድረስ ይተናል። ፕሮቲኑ ሲፈርስ የሥጋ መረቅ የሚመስል ጣዕም ያወጣል፤ ሥጋ ግን የለበትም። የማርማይት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 በርተን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተቋቋመ፤ ከተማዋ ቢራ ፋብሪካ የበዛባት ስለነበረች እርሾው እንደ ልብ ነበር። እግረ መንገዳችንን፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰውና ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚያው በ1902 ነው። እኩያችን ነው ማለት ነው! ቬጂማይትን ደግሞ ሲረል ካሊስተር የተባለ ኬሚስት በ1922 ሜልበርን ውስጥ ቀመመው። መጀመሪያ ገበያ እምቢ ስላለው ስሙን ለጥቂት ዓመታት እስከ መቀየር ደርሰው ነበር።

ይህንን ስናስረዳ አንዲት እህታችን «አቦ! አተላ ሸጠው ነው የከበሩት?» አለች። ሳቅን፤ ነገር ግን ልክ ናት። ባለቤታቸው ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ እናታችን ደግሞ ብልቃጡ ላይ ያለውን ሥዕል አይተው «ማርሚትማ በፈረንሳይኛ ድስት ነው» አሉን። እውነትም የተሳለው ድስት ነው።

ወደ ጣዕሙ እንምጣ። ማርማይት እንደ ማር ይዘረጋል፣ ያብረቀርቃል፤ ጨዋማ ሆኖ ትንሽ ጣፋጭነት አለው። ቬጂማይት ወፈር ያለ ነው፣ ጨውና ምሬቱ ይበረታል። በማንኪያ ዝቃ የጎረሰች እህታችን ውኃ ጠይቃለች። ሲበላ ቅቤ በተቀባ ትኩስ ዳቦ ላይ በስሱ፣ እንደ ጥላ ያህል ብቻ ነው። እንደዚያ ስንሞክረው ማርማይትን የወደዱ ነበሩ፤ ቬጂማይትን አንድ ሰው ብቻ። አንዲት ሙስሊም እህታችን ከቢራ የተገኘ መሆኑን ስትሰማ «እኔ ይቅርብኝ» አለች፣ እኛም ዳቦዋን ለብቻ አቀረብን። ይህንን የጠቀስነው በኋላ ለምንናገረው ጉዳይ ስለሚጠቅም ነው።

ከሁሉም በላይ ልባችንን የነካው የዚህ ብልቃጥ ታሪክ ነው። ሉሲ ዊልስ የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ቦምቤይ ሄዱ። እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ነፍሰ ጡር ድሃ ሴቶች በከባድ የደም ማነስ ይሠቃዩ ነበር። ዊልስ የሚበሉትን አጠኑ፣ ብዙ ነገር ሞከሩ፤ በመጨረሻ ማርማይት ሲሰጧቸው ሴቶቹ ዳኑ። ውጤቱን በ1931 አሳተሙ። በውስጡ የነበረው ንጥረ ነገር በኋላ ፎሌት ተባለ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች ከብረት ጋር የሚሰጠው የፎሊክ አሲድ ክኒን መነሻው ይኸው ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ሲባል እኛ ድሬዎች ማንን እንደምናስብ መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። አዋዜን የማያውቅ የለም፤ ጥሩ ነው፣ ይሸጣል፣ ግን በየሱቁ ሞልቷል፣ የበርበሬ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድም አብረን እንናጣለን። በጠጅ ወይም በአረቄ የሚለውሱትም ስላሉ ገዢው ሁልጊዜ መጠየቁ አይቀርም። ዳጣው ጣፋጭ ነበር፤ እንደ ሲዳማና ወላይታ እናቶች አሳምሮ የሚሠራው ሰው ግን ከመካከላችን አንድ ብቻ ነው። በስባስ ያለ ሳምቡሳ ምን ይሆናል? ሳምቡሳም ያለ በስባስ። ቢሆንም ትኩሱን የሚበላ ነው፣ ብልቃጥ ውስጥ አይቆይም።

ስልጆ ላይ ቆም አልን። ሱፉ ተወቅጦ በውኃ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ላይ የባቄላ ዱቄት እየነሰነሱ በእሳት ያማስሉታል። ገንፎ ሲመስል ይወርዳል። በደንብ ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም ይገባበትና ተከድኖ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ራሱ ነው፤ ይኮመጥጣል፣ አፍንጫ የሚሰረስረው የሰናፍጩ ኃይልም እያደር ይለዝባል። ደጋ ላይ ያደጉ እናቶቻችን ቀናት እንደሚፈጅ ነበር የሚያውቁት። በእኛ ሙቀት ግን በ2ኛው ቀን ኮምጥጦ አገኘነው፤ በ4ኛው ቀን ለአንዳንዶቻችን አልፎበታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ በሰዓቱ ካልገባ ኪሳራ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራን ይህ እንጂ ገበያው አይደለም።

እንደ ማርማይት የሥጋ ሥጋ አይልም፤ ያንን የጠበቀ ያዝናል። የስልጆ ውበት ኮምጣጣነቱና ሽታው ነው። እንስሳ የለበትም፣ መጠጥ የለበትም። የሚጾመውም፣ ያቺ «ይቅርብኝ» ያለችው እህታችንም ከአንድ ሳህን በልተውታል። የሁላችን በሆነ ማኅበር ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው ብለን እናምናለን።

ሒሳቡን ሠርተናል። ሱፉም ባቄላውም ከቀፊራ የሚገዛ ነው፣ ጠቅላላ ወጪው ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ብልቃጡ ነው። ስለዚህ ገዢዋ ባዶውን ስትመልስ የተወሰነ ብር እንዲመለስላት ሐሳብ እናቀርባለን። የመጀመሪያው ዙር 40 ብልቃጥ ብቻ ይሁን፣ ለዐቢይ ጾም ይድረስ፣ ብድር አይነካበት።

አንድ ያልተስማማንበት ነገር አለ። ስለ ሉሲ ዊልስ ከሰማን በኋላ «ደም ይጨምራል ብለን ብልቃጡ ላይ እንጻፍ» ያሉ ነበሩ፤ ለአጋሮቻችንም ጥሩ ይመስላል። ባቄላ ፎሌት ያለው እህል መሆኑ እውነት ነው። እኛ ግን ከተማሰለና ከኮመጠጠ በኋላ ስልጆአችን ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ አላስለካንም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ መዝገብ ላይ እንደማይሰፍር ሁሉ፣ ያልተለካውም ብልቃጥ ላይ አይጻፍ እንላለን። ነፍሰ ጡር የሆነች እህታችን ክኒኗን ትታ ስልጆ ብትልስ ማን ይጠየቃል? ብልቃጡ ላይ የገባበት ነገር፣ የተሠራበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ።

ከቡድናችን ሁለቱ አሁንም አዋዜ ይሻላል ይላሉ፤ ምክንያታቸውን ራሳቸው ይነግሯችኋል። ስልጆው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የ2 ቀኑና የ4 ቀኑ ተለይቶ ተቀምጧል። ቀምሳችሁ የመረጣችሁትን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ፤ ስለ 40ው ብልቃጥ ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው።