ስለ ወጣቶች የዕረፍት ጊዜ የተደረገ ንግግር



ተማሪ ቤት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። ዳግመኛ የሚከፈተውም አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ በመሆኑ፣ ሐምሌና ነሐሴን ልጁ ከመምህሩ ዐይን ርቆ ይከርማል። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ከተማ ደግሞ የጧቱ ተማሪ ከቀትር በኋላ፣ የከሰዓቱም ተማሪ ከቀትር በፊት ሥራ ፈት ነው። ለክፍሉ ሰዓት መምህር፣ መጽሐፍና በጀት ይመደብለታል፤ ለቀረው ሰዓት ግን ተጠያቂ የሚባል ሰው የለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። የዚህ ውድቀት ምክንያት ብዙ ነውና ሁሉን በዕረፍት ጊዜ ላይ መጫን ከእውነት መራቅ ይሆናል። ሆኖም ዕረፍቱ የራሱ ድርሻ እንዳለው የሚያስረዳ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሐሪስ ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር 39 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ ተማሪው በረዥሙ ዕረፍት በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያጣ፣ ጉዳቱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ እንደሚብስ ተገነዘበ። በንባብ ረገድ ግን ልዩነት ታየ፤ የድኻው ልጅ ወደ ኋላ ሲቀር፣ የተሻለ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ልጅ ጭራሽ ጥቂት ወደ ፊት ይራመድ ነበር። ጥናቱ የአሜሪካን ልጆች ይመልከት እንጂ ነገሩ ለዚህ አገር ወላጅ እንግዳ አይደለም። ገንዘብ ያለው አስጠኚ ይቀጥራል፤ የሌለው ሰው ልጅ የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ ይወጣል፣ አለዚያም በፑል ማጫወቻውና በጫት ቤቱ ደጃፍ ይውላል።

ይህ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ በጀት የለም የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም በቂ አይደለም፤ ከዚህ በባሰ ችግር ውስጥ የተጀመረ ሥራ በጎረቤት አገር ይገኛልና። በናይሮቢ ከተማ ማታሬ የሚባል፣ የቆርቆሮ ቤቶች የተጨናነቁበት እጅግ ድኻ ሰፈር አለ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1987 የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቹ ቦብ መንሮ የተባለ ካናዳዊ ሲሆን፣ ውለታው ቀላል ነበር፤ ማኅበሩ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል፣ ልጆቹም የሰፈራቸውን ቆሻሻ ያነሣሉ። ጽዳቱ እንደ ቅጣት አልተቆጠረም። ሰፈሩን ያጸዳ ቡድን በውድድሩ ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ ይጨመርለታል፤ ስለዚህ በሜዳ ጎበዝ ሆኖ አካፋውን የናቀ ቡድን በደካማው ሊቀደም ይችላል። ጊዜውን ሰጥቶ ታናናሾቹን የሚያሠለጥንና የሚያስተባብር ወጣትም የትምህርቱ ወጪ ለተማሪ ቤቱ ይከፈልለታል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1992 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሽልማት አገኘ፤ ከማኅበሩ የወጣው ማታሬ ዩናይትድም በ2008 የኬንያ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ያስደስታል፤ ይልቁንም ሊታይ የሚገባው ግን ያ ሁሉ ልጅ በየሳምንቱ የሚጠብቀው ሰዓትና ስሙን የሚያውቅ ታላቅ ማግኘቱ ነው።

በእኛም አገር መሠረቱ አለ። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በየዓመቱ ይታወጃል፤ ችግኝ ይተከላል፣ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል፣ የማጠናከሪያ ትምህርትም ይሰጣል። ነገር ግን ሥራው በመክፈቻው ቀን ሰልፍና ፎቶግራፍ የተወሰነ እንደ ሆነ፣ ልጁ በማግስቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት አስተማሪ ክረምቱን በሙሉ ቢገኝ ከትልቅ በዓል ይበልጣል። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ የሰፈሩ ልጅ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ የ7ኛ ክፍሉ ተማሪ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ገና አልረሳምና። ሰዓቱን ሁሉ በሒሳብ መሙላት ደግሞ አያሻም። ከቀትር በፊት የተማረ ልጅ ከቀትር በኋላ ኳስ ቢመታ፣ ቴአትር ቢለማመድ ወይም መጽሐፍ ይዞ ጥግ ቢቀመጥ ጊዜው ባከነ አይባልም።

ስለ ልጃገረዶች ለብቻው ማሰብ ይገባል። በማታሬም ሴቶች ልጆች ወደ ውድድሩ የገቡት ከወንዶቹ ዘግይተው ነው፤ ወላጆች የቤቱን ሥራና የታናናሾቻቸውን ጥበቃ በእነርሱ ላይ ጥለው ነበርና። ፕሮግራሙ ውኃ በሚቀዳበትና ምሳ በሚዘጋጅበት ሰዓት ከተያዘ፣ በወረቀት ለሁሉም የተከፈተ ቢባል እንኳ ለእነርሱ የተዘጋ ነው። እናቶችን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከመምሸቱም በፊት ቤታቸው መግባት አለባቸው።

የቀረው የቁልፍ ነገር ነው። ርእሰ መምህሩ ለዕረፍት ሲወጣ ቁልፉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ ወንበርና ሰሌዳ የሞላበት ቤትም ሁለት ወር ሙሉ ዝናቡን ብቻውን ያዳምጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ለዘበኛው የትርፍ ሰዓት ቢከፍል፣ ቀበሌውም ስለ ንብረቱ ፈርሞ ቢረከብ ሁለትና ሦስት ክፍል ማስከፈት አያዳግትም። ምዝገባው ግን ሰኔ ሳያልቅ፣ ተማሪዎቹ ገና በክፍላቸው ሳሉ ይሁን፤ ከተበተኑ በኋላ ቤት ለቤት መፈለግ ሐምሌን ይበላል።