ስለ ጥንቸል ግልገሎች መኖና ስለ ጠቃሚ ተሐዋስያን



ስለ ጥንቸል ልናገር መነሣቴን ሰምተው የሳቁ ጓደኞች አሉኝ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለውን የጥንቸል ቤት የምትጠብቁት ግን እንደማትስቁ ዐውቃለሁ። ባለፈው ጥቅምት ጡት ከጣሉት 14 ግልገሎች 9ኙ በ2 ሳምንት ውስጥ በተቅማጥ ሞቱብን። መጋቢያቸው እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ገንዘብ ፕሮባዮቲክ የሚባለውን፤ ሕያዋን ተሐዋስያን ያሉበትን ዱቄት ገዝተን ከመኖው ጋራ እንቀላቅል የሚል አሳብ ቀርቧል። ስለዚሁ ያነበብሁትን ልንገራችሁ።

የጥንቸል ሆድ እንደ በሬ ሆድ አይደለም። በሬ ሣሩን የሚያብላላው አስቀድሞ በጨጓራው ነው፤ ጥንቸል ግን በስተ መጨረሻ፤ ዕውር አንጀት በሚባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩት ቁጥር የሌላቸው ተሐዋስያን ቃጫውን ሰባብረው ምግብ ያደርጉላታል። ከዚያ የሚወጣውን ለስላሳ በጠጥ ጥንቸሏ በአፏ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች። ይህን መጀመሪያ ሳይ ታመመች ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ነገሩ ግን ጤንነት ነው፤ ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ የምታገኝበት መንገድ ነውና።

ጭንቁ የሚመጣው ጡት በሚጣልበት ጊዜ፤ ማለት በ4ኛውና በ5ኛው ሳምንት ግድም ነው። ወተቱ ይቀራል፤ መኖው ይለወጣል፤ ዕውር አንጀቱም ተሐዋስያኑን ገና አላደላደለም። በዚህ ጊዜ ስታርች የበዛበት ምግብ ከተሰጠ፤ ሳይፈጭ የቀረው ወደ ዕውር አንጀት ይወርድና ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ክፉዎች ይባዙበታል፤ መርዛቸውም ግልገሉን ይገድለዋል።

የአውሮፓ አርቢዎች ለብዙ ዘመን ለከብቶቻቸው መኖ አንቲባዮቲክ ይቀላቅሉ ነበር። መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞች እንዳይበዙ በመስጋት፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ብሎ መስጠትን ከለከለ። ፕሮባዮቲክ ይበልጥ የተፈለገው ከዚያ ወዲህ ነው። አሳቡ ግን የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ሊቅ ኢልያ ሜችኒኮፍ የእርጎ ተሐዋስያን ለሰው ዕድሜ ይጠቅማሉ ይል ነበር።

በዱቄቱ ውስጥ የሚገኘው ወይ የዳቦ እርሾ ወገን፤ ወይ ባሲለስ፤ ወይ እርጎን የሚያረጋው ላክቶባሲለስ ነው። ለጥንቸል እነዚህ እኩል አይደሉም። ጨጓራዋ እጅግ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ብዙዎቹ እዚያው ያልቃሉ፤ ባሲለስ ግን እንደ ዘር በጠንካራ ልባስ ተጠቅልሎ ያልፋል። ላክቶባሲለስ በአንጀቷ ውስጥ በተፈጥሮም ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእኛ የተስማማ እርጎ ለእርሷም ይስማማል ማለት አይቻልም።

ውጤቱስ? የተደረጉት ምርመራዎች አንድ ቃል አይናገሩም። በአንዳንዱ ሞት ቀንሷል፤ ግልገሎቹም በበሉት መኖ ልክ የተሻለ ክብደት ጨምረዋል፤ በሌላው ልዩነት አልታየም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ንጽሕና በጎደለበትና በሽታ በበዛበት ቤት ነው።

አሁን ወደ 9ኙ ግልገሎቻችን ልመለስ። መዝገቡን ሳየው፤ ጡት በጣሉበት ሳምንት ቶሎ ይፈርጥሙ ብዬ ድርቆሹን ቀንሼ የተፈጨ በቆሎ አብዝቼላቸው ነበር። በቆሎ ደግሞ አብዛኛው ስታርች ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ያደረግሁት በማዘን ነው። ዱቄቱ ቢኖር ያድናቸው ነበር ለማለት አልደፍርም።

ዱቄቱ አይገዛ አልልም። ነገር ግን አስቀድሞ ድርቆሽ ሳይጓደል ይቅረብ፤ መኖው በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ይለወጥ፤ የውሃው ዕቃ በየቀኑ ይታጠብ። ከዚያ ጥቂት ገዝተን፤ ከየእናቱ ግልገሎች ግማሾቹን ከዱቄቱ ጋራ፤ ግማሾቹን ያለ ዱቄት እናሳድግ፤ የቀረው መኖ ለሁሉም አንድ ይሁን። ለሁሉም ከሰጠን፤ ቢድኑ ያዳናቸው ድርቆሹ ይሁን ዱቄቱ አናውቅም። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሊመዝኑ ፈቅደዋል፤ ሚዛኑን ከወጥ ቤት እንዋሳለን። ሁለት እናቶች አርግዘዋል፤ የጥንቸል እርግዝናም 31 ቀን ያህል ብቻ ነው። አዲሱ መዝገብ በጥንቸሉ ቤት በር ላይ በምስማር ተሰቅሏል።