የማዳመጫ ሰዓታችን ለምን ይቀጥል?

በቢቸናና በሞጣ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ከቁጠባውና ከብድሩ ሒሳብ በኋላ መጨረሻ ላይ የምናነበው አንድ ትንሽ ወጪ አለ፤ «የማዳመጫ ሰዓት» የሚለው። ወርኃዊ ስብሰባችን ሲያበቃ ቡና እየተፈላ ዜማ የምንሰማበት ነው። ዘንድሮ በዚህ ወጪ ላይ ሁለት ጥያቄ ተነሣ። ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ከሴቶች ኑሮ መሻሻል ጋር ምን ያገናኘዋል?» አሉን። ሐዘን ላይ ያሉ አባሎቻችን ደግሞ «ትዝታ ሲከፈት እንባችን ይመጣል፤ ወይ ፈጣን ዘፈን ይሁን፣ ወይ ይቅር» አሉን። ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ ዛሬ ስለ ዜማው ራሱ ልንናገር ተነሥተናል።

አንድ ዜማ ስሜታችንን የሚነካው በብዙ መንገድ ነው፤ እኛ ሦስቱን እንይ። አንደኛው ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ የምንላቸው አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ሁለተኛው የድምፁ ከፍታ ነው። ማሲንቆ እንደ ቫዮሊን አራት ክር የለውም፤ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው። ስለዚህ አዝማሪው ክሩን የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው ለዘፋኙ ጉሮሮ እንዲስማማ አድርጎ ነው። ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህንን ነው።

«ትዝታ ያሳዝናል» ስንል ግማሹን ብቻ ነው የተናገርነው። በትዝታ ቅኝት የሚያስለቅስም አለ፣ እስክስታ የሚያስመታም አለ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በሞጣ ጊዮርጊስም ሆነ ከቢቸና አቅራቢያ ባለው ዲማ ጊዮርጊስ ማኅሌት የቆመች ሁሉ ታውቀዋለች። ሊቃውንቱ ዜማውን መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ያደርሱታል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘማል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ መረግድ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ጽፋቱ ሲመጣ ጭብጨባው ይደምቃል። ቃሉ ያው ነው። የተለወጠው አካሄዱ ነው፤ በአካሄዱም ተመስጦ የነበረው ደስታ ይሆናል። ደስታው የሚያምረውም ዝግታው ስለቀደመው ነው።

ይህንን በሸክላ ያስቀሩልን አንዲት ሴት አሉ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድላቸው ሲዘጋ ግን ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። በኋላ ጎንደር ሳሉ የቆሎ ተማሪዎችን ችግር አይተው ሙያቸውን ለችግረኛ ሊያውሉት ቆረጡ። እኛ ጎጃሞች ደበሎ ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃችን የሚቆመውን ልጅ ስለምናውቅ ይህ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የፒያኖ ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢው ወላጅ ላጡ ልጆች መርጃ ዋለ። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ፒያኖአቸውን ስትሰሙ ፍጥነቱ በሰዓት ቆጣሪ የተለካ አይመስልም። አንዱ እጅ ዜማውን እንደ ማሲንቆ ያስረዝመዋል፤ ሲያሻው ይፈጥናል፣ ሲያሻው ቆም ይላል። ሌላው እጅ በእርጋታ ይከተለዋል። ቅኝቱ የኛው ነው። ስሜቱ ግን ለቅሶም ጭፈራም አይደለም፤ ብዙ ያየ ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚያወራው ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ለደጋፊዎቻችን፦ የእማሆይ ሸክላ ራሱ ዜማና እርዳታ በአንድ መዝገብ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ያሳያል። ከሐዘኗ ጋር ብቻዋን የምትታገል ሴት ወደ ስብሰባ መምጣት ይከብዳታል፤ ያልመጣች ደግሞ ቁጠባዋ ይቋረጣል። ለሐዘንተኛ እህቶቻችን፦ ለቅሶ ላይ አልቃሿ ስትቸኩል አይተን አናውቅም። ዝግታው ሐዘኑን ለሁላችን ያካፍለዋል፤ ፈጣን ዘፈን ግን ሐዘኑን ቢሸፍነው እንጂ አያቀልለውም።

ቢሆንም ማንንም አናስገድድም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን። አንድ፣ የሚከፈተውን ዜማ በየወሩ ሐዘን ላይ ያለች አባል ትምረጥ። ሁለት፣ እንደ ማኅሌቱ ከዝግታው ተጀምሮ በሞቅታው ይፈጸም። ሦስት፣ መስማት ያልፈለገች አባል ውጭ ብትቀመጥ ቀሪ ተብላ አትቀጣ።

ወጪው የሁላችሁም ገንዘብ ነውና ውሳኔው የእናንተ ነው።