ሰይፍ የሚቆጥር፣ ዳቦ የማይቆጥር መንግሥት

(ጸሐፊው በአንድ የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



“ስለ አንድ ተረት መንግሥት ተናገርልን” ስባል መጀመሪያ ሳቅሁ። እውነተኛው መንግሥት አንሶን ነው ወይ ተረት ፍለጋ የምንሄደው? በኋላ ግን ሳወጣ ሳወርደው፣ አባቶቻችንም ቢሆኑ ጌታቸውን መናገር ሲያቅታቸው ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ነበር የሚያወሩት። እናም እሺ ብዬ መጣሁ።

ተረቱ የአሜሪካዊው ደራሲ የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከ2011 እስከ 2019 ደግሞ “ጌም ኦፍ ትሮንስ” ተብሎ በቴሌቪዥን ታየ። አብዛኞቻችሁ ፊልሙን አይታችኋል። ዘንዶዎቹን ታስታውሳላችሁ፤ ከተሸናፊዎች ሰይፍ የተሠራውን የብረት ዙፋንም ታስታውሳላችሁ። እኔ ግን የማወራው ከመጽሐፉ ነው፤ ጥያቄዬም ሌላ ነው። ለመሆኑ በዚያ አገር ዳቦውን የሚጋግረው ማነው?

አገሩ ዌስተሮስ ይባላል። ከላይ ንጉሡ አለ። ከሥሩ ታላላቆቹ መሳፍንት፣ ከእነሱ ሥር ትንንሾቹ ባላባቶች ይከተላሉ። ከዚያ መሬት ያለው ፈረሰኛ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰይፉን ታጥቆ ጌታ ፍለጋ የሚንከራተተው መሬት አልባ ፈረሰኛ። ካህናቱ በጎን ናቸው። ሜስተር የሚባሉ ሊቃውንትም አሉ፤ ሐኪሙም፣ አማካሪውም፣ መልእክት የሚያመላልሱትን ቁራዎች የሚጠብቀውም እነሱ ናቸው። አንድ ትምህርት በጨረሱ ቁጥር የብረት ቀለበት እየጨመሩ ሰንሰለት ሠርተው አንገታቸው ላይ ያጠልቃሉ። የተማረ ሰው አንገቱ በሰንሰለት! እኔ በበኩሌ ዲፕሎማዬን አስታውሼ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር ላለው ሕዝብ የተሰጠው ስም አንድ ብቻ ነው፦ “ትንንሽ ሰዎች”። ገበሬው፣ ጋጋሪው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። በዋና ከተማይቱ በኪንግስ ላንዲንግ ፍሊ ቦተም የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። የቁንጫ ሰፈር እንደ ማለት ነው። እዚያ ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ ዓመታት ያስቆጠረ ወጥ ይሸጣል። የምን ሥጋ እንደሆነ ግን አይጠየቅም። ቡሌ የሚያውቅ አዲስ አበቤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ሰፈር ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የለም ወይ? አለ። ዳቮስ የሚባለው ኮንትሮባንዲስት የቁንጫ ሰፈር ልጅ ነው። በጠላት ተከበው በረሃብ ሊያልቁ ለነበሩ ሰዎች በሌሊት ሽንኩርትና የደረቀ ዓሣ አስገብቶ አተረፋቸው። ጌታው ስታኒስ በአንድ እጁ የፈረሰኛ ማዕረግ ሰጠው፤ በሌላው እጁ ደግሞ ለኮንትሮባንዱ ቅጣት የአራት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው! ጃኖስ ስሊንት የሚባለው የከተማው ዘበኞች አዛዥ ደግሞ የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው። እሱ ያመነውን ሹም አሳልፎ በመስጠት ትልቅ ጌታ ሆነ። እንግዲህ የትንንሽ ሰዎች መውጫ ደረጃ እንዲህ ያለ ነበር፤ ወይ ጣትህን ትሰጣለህ፣ ወይ ሰው ትሸጣለህ።

ንጉሡ ሲሞት አገሩ ታመሰ። አምስት ሰው “ንጉሥ እኔ ነኝ” አለ። የሃይጋርደን ጌቶች ከአንዱ ጋር አብረው ወደ ዋና ከተማይቱ እህል የሚገባበትን ትልቁን መንገድ ዘጉት። በወንዞች የተከበበው ለም አገር በጦርነት ነደደ። የተፈናቀለው ገበሬ ወደ ከተማ ጎረፈ። ቤተ መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ሰይፍ ይቆጥራል፣ መርከብ ይቆጥራል። ዳቦ እንደጠፋ የሚያውቅ ሹም አልጠፋም፤ እንቅልፍ ያጣበት ግን ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ቤተ መንግሥቱ ልዕልቲቱን በመርከብ ሸኝቶ በከተማው መሐል ሲመለስ፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያቸዋል። አንዲት እናት የሞተ ሕፃኗን ወደ ላይ አንስታ በወጣቱ ንጉሥ በጆፍሪ ፊት ቆመች። እጮኛው ሹክ ብትለው አንድ የብር ሳንቲም ወረወረላት። ሳንቲሙ ሬሳውን ነክቶ ወደ ሕዝቡ ተንከባለለ፤ ሰዎች ተሻሙበት። እናትየዋ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ጥቂት ቆይቶ ፋንድያ ተወርውሮ የንጉሡ ፊት ላይ አረፈ። ንጉሡ “የወረወረውን ሰው አምጡልኝ!” አለ። “ዳቦ! ዳቦ!” የሚለው ጩኸት ከተማዋን ሞላት። ሊቀ ካህናቱ ከተሸካሚዎቻቸው ትከሻ ተጎትተው በሕዝቡ እጅ ተበጣጠሱ። የተራበ ሕዝብ መሪውን ይበላል ሲባል አልሰማችሁም?

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ይብሳል። መንገዱን የዘጉት የሃይጋርደን ጌቶች፣ የደገፉት ንጉሥ ሲገደል ወደ ዙፋኑ ወገን ተገለበጡ። እህል የጫነ ጋሪ አስከትለው ሲገቡ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ያስራቡት እነሱ፣ የተመሰገኑትም እነሱ!

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ የተቀመጥኩበት አንድ ቦታ አለ። ከተማይቱ በመርከብ ልትወረር ስትል ድንኩ ቲሪየን ቀጥቃጮቹን ሁሉ ሰብስቦ ትልቅ ሰንሰለት እንዲሠሩ አዘዘ። የታወቁት የጥሩር ሠሪዎች “ይህ ለሙያችን ውርደት ነው” ብለው አጉረመረሙ። ቢሆንም ተሠራ። በወንዙ አፍ ላይ ተወጥሮ የጠላትን መርከቦች መመለሻ ነሳቸው፤ እዚያው ነደዱ። ከድሉ በኋላ በዙፋኑ ፊት ሽልማት ተሰጠ። መሳፍንቱ መሬት ጨመሩ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ፈረሰኛ ተባሉ። እሳቱን የቀመመው ሰው እንኳ መሬት የሌለው የጌትነት ስም ደረሰው። የቀጥቃጮቹ ስም ሲጠራ ግን አላነበብኩም።

ወገኖቼ፣ አያቴ ቀጥቃጭ ነበር።

በዚያ አገር እሱ ያልሠራው ማረሻ የገባበት እርሻ አልነበረም። ማረሻ ሊያሠራ የመጣው ገበሬ ግን ደጅ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ከቤታችን ውኃ እንኳ አይቀምስም። ማታ ልጁን ያመመው እንደሆነ “ቡዳው በላብኝ” ይላል፤ ጠዋት ተመልሶ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። አባቴ ከተማ ልኮ ያስተማረኝ ያንን ወናፍ እንዳልነካ ብሎ ነው። እኔም “ቤተሰቦችህ ምን ይሠራሉ?” ስባል “ገበሬ ናቸው” እያልኩ ስንት ዓመት እንደዋሸሁ የማውቀው እኔ ነኝ። ዛሬ ስለነዚያ ስም የለሽ ቀጥቃጮች እያወራሁ የራሴን አያት ደብቄ ከዚህ መድረክ መውረድ አልቻልኩም።

“ይኼ ሁሉ ተረት ነው” የሚል ካለ ወደ 1966 ዓ.ም. ይመለስ። የወሎ ገበሬ በረሃብ አልቆ ነበር። በጥር ወር የነገሌ ቦረና ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውኃቸው አመጹ። በየካቲት መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ የተነሳ መኪናቸውን አቆሙ። በባሕር የመጣ ወራሪ አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ወረደ። በየተራ የጮኹት ወታደሩ፣ አስተማሪውና ሾፌሩ ነበሩ። እያንዳንዳቸው ሲጮኹ ከላይ ሆኖ ለሰማ ሰው ነገሩ የአንድ ሙያ አቤቱታ ይመስል ነበር።

በማርቲንም መጽሐፍ የመጨረሻው ጥፊ የመጣው ከማይጠበቁት ነው። ንግሥት ሰርሴይ ዙፋኑ ለቤተ እምነቱ ያለበት ዕዳ እንዲሰረዝላት ብላ ለካህናቱ ጦር የማስታጠቅ መብት መለሰችላቸው። ከተቃጠሉ መንደሮች በባዶ እግራቸው የመጡት ድሆች ታጠቁ። ማንን አሰሩ? ራሷን ሰርሴይን! “እነዚህ ምን ያመጣሉ?” ብላ ነበር እኮ የናቀቻቸው።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይኸው ነው። አንድ መንግሥት ሊወድቅ ሲል ምልክቱን ከጦሩ ብዛት ላይ አትፈልጉት። ከጋጋሪው ደጅ ፈልጉት፤ ሰልፉ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠይቁ። ለሚጮኸው ሰው መልሱ ምን እንደሆነም እዩ። የተወረወረች ሳንቲም ከሆነች፣ ያቺን እናት አስታውሱ።

ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩም ዘንዶውን ለአንድ አፍታ ተዉትና ከኋላ ጋሪ የሚገፋውን ሰውዬ እዩልኝ። ከዚህ ወጥታችሁ ደግሞ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ጎረቤት ያላችሁ እንደሆነ፣ ቤቱ ገብታችሁ ቡናውን ጠጡ።