የግራፊክስ ካርድ በቤት ኮምፒውተር፦ ከመግዛት በፊት ሊጤን የሚገባው


እ.ኤ.አ. በ2012 የምስል መለየት ውድድር ያሸነፈው አሌክስኔት የሠለጠነው ለጨዋታ በተሠሩ ሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ነበር። ስለዚህ ተማሪ ለቤት ኮምፒውተሩ የግራፊክስ ካርድ ቢመኝ ቅንጦት ነው አልልም።

ሆኖም ከዋጋው አስቀድሞ ስለ ኃይሉ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ባለ 8 ፒን ገመድ እስከ 150 ዋት ይጨምራል። 170 ዋት የሚፈልግ ካርድ ያለ ተጨማሪ ገመድ አይሠራም። ገመዱ ከሌለ፣ ወይም ካርዱ ከኬዙ ከረዘመ፣ በብዙ ወራት ቁጠባ የተገዛው ዕቃ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል።

ሲገጠምም ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ ካርዱ መቆለፊያው እስኪይዝ ይገፋል፤ የሞኒተሩም ገመድ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ በካርዱ ላይ ይሰካል።

እንግዲህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ኬዙን ከፍታችሁ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ።