ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው መሬት ትርፉ ለማን ነው?

(በኅብረቱ የንግግር ምሽት የተሰማ)



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከመሐንዲስና ከሒሳብ ሹም በቀር ሌላውን ሰው አይመለከትም ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ይኸውም በከተማ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት በአንድነት የሚገኙበትን ሠፈር ለማቋቋም ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል፣ ትርፉስ ለማን ይገባል የሚል ነው። ከመካከላችን ጧት በባቡር የሚመጣ፣ ከጣቢያው ሥር ሻይ የሚጠጣ ወይም በዚያ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሁሉ ጉዳዩ የራሱ መሆኑን ያውቀዋል። ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን።

በመጀመሪያ አንድ ሐቅ እንያዝ። የከተማ ባቡር ሐዲዱን ለመዘርጋት የወጣውን ገንዘብ በቲኬት ብቻ ሊመልስ የቻለበት ከተማ ከስንት አንድ ነው። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር እንመልከት። በ2015 ሥራ ሲጀምር የወጣበት ገንዘብ 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ይህ 404 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማለት ነው። ተሳፋሪው ግን በዚያን ጊዜ የሚከፍለው እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ዕዳው በዶላር፣ ገቢው በብር፤ ያውም በሳንቲም ቤት ሊባል በሚችል ብር። ዋጋውን እናንሣ ብንል ደግሞ ባቡሩ የተሠራለት ድኻ በእግሩ ሊሄድ ነው።

እንግዲህ ባቡሩ ያመጣው ሀብት የት ገባ? ሀብት አላመጣም እንዳንል፣ በጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለው ሰው ኪራዩን ጨምሯል፣ ባዶ ቦታ ይዞ የተቀመጠውም ዋጋው ሲወጣ በዓይኑ አይቷል። ሀብቱ ወደ መሬቱ ገባ። ያን የዋጋ ጭማሪ ደግሞ ባለቦታው በላቡ አላመጣውም፤ ያመጣው ዕዳውን የሚሸከመው ሕዝብ ሁሉ ነው። ከተማው ይህን ጭማሪ የሚሰበስብበት መንገድ ካላበጀ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

ይህን ቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በጃፓን አገር ኮባያሺ ኢቺዞ የተባለው ሰው በ1910 ከኦሳካ ኡሜዳ ተነሥቶ ወደ ታካራዙካ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲከፍት፣ መሥመሩ የሚያልፈው በእርሻ ማሳ ላይ ስለ ነበር ተሳፋሪ አልነበረውም። እርሱም በመሥመሩ ዳር መሬት ርካሽ ሳለ አስቀድሞ ገዝቶ፣ በዚያው ዓመት በኢኬዳ ቤት እየሠራ በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ ለደመወዝተኛ ይሸጥ ጀመር። በመሥመሩ ዳርቻ በታካራዙካ መዋኛና የሙዚቃ ቲያትር አቋቋመ፤ በ1929 ደግሞ በኡሜዳ ጣቢያ ታላቅ መደብር ከፈተ። ብልሃቱን ልብ በሉ። ጧት ሠራተኛው ወደ ከተማ ይሄዳል፤ በበዓል ቀን ቤተሰቡ ወደ ቲያትሩ ይወጣል፤ እግረ መንገዱን ከጣቢያው መደብር ይሸምታል። ባቡሩ ባዶውን የሚመለስበት ሰዓት አነሰ። ቅይጥ ሠፈር የሚፈለገው ለውበቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። መኖሪያ ብቻ ያለበት ጣቢያ ጧት ይሞላል፣ ቀን ያንቀላፋል፤ ቤት፣ ሥራና ገበያ ያለበት ጣቢያ ግን ቀኑን ሙሉ በሁለቱም አቅጣጫ ሰው ይሰጣል።

በለንደንም የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያ በ1919 የቤትና የመሬት ድርጅት አቋቁሞ በመሥመሩ ዳር ሠፈሮችን ሠርቷል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የሆንግ ኮንግ ምሳሌ ነው፤ በዚያ መሬት የሚሰጠው እንደ እኛው በሊዝ ነውና። የሆንግ ኮንግ ባቡር ኮርፖሬሽን በ1975 ተቋቁሞ የመጀመሪያ መሥመሩን በ1979 ከፈተ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በጣቢያው ላይና በዙሪያው የመሥራትን መብት ለኮርፖሬሽኑ ሲሰጥ፣ ዋጋውን የሚተምነው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ባለው ግምት ነው። ኮርፖሬሽኑ ሕንፃ ሠሪዎችን በጨረታ ያወዳድራል። ያሸነፈው የመሬቱንም የግንባታውንም ወጪ ይችላል፤ ሕንፃው ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ኮርፖሬሽኑ ከትርፉ ወይም ከሕንፃው ድርሻውን ይወስዳል።

በምሳሌ እንናገር። አንድ ቦታ ከባቡሩ በፊት 100 ብር ያወጣ ነበር፤ ጣቢያው ከተከፈተ በኋላ 160 ብር አወጣ እንበል። 100ው የመንግሥት ነው። 60ው ግን ባቡሩ የወለደው ነውና ከእርሱ ተካፍሎ ሐዲዱን ይከፍላል፣ ጥገናውንም ይችላል። ሱቆቹን ሳይሸጥ ቢያከራያቸው ደግሞ ገንዘቡ አንድ ቀን ገብቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየወሩ የሚፈስ ምንጭ ይሆናል።

ነገር ግን ያልተወለደ ልጅ ስም እንዳይወጣለት፣ የማስጠንቀቂያውንም ወገን እንይ። የኒው ዮርክ ከተማ በ2015 የተከፈተውን የ7 ቁጥር ባቡር ማራዘሚያ ለመሥራት፣ ወደ ፊት በአካባቢው ከሚነሡት ሕንፃዎች የሚገባውን ግብር መያዣ አድርጎ በ2006 2 ቢሊዮን፣ በ2011 ደግሞ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ። ሕንፃዎቹ ግን እንደ ታሰበው ቶሎ ስላልተነሡ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተማው ወለዱን ከራሱ በጀት መደጎም ግድ ሆነበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ8 በመቶ ወለድ 100 ብር የተበደረ ሰው ገቢው አምስት ዓመት ቢዘገይበት፣ ወለዱ በወለድ ላይ ባይታሰብ እንኳ 40 ብር ተጨማሪ ዕዳ አለበት። ስለዚህ ነገ የሚመጣን ትርፍ ዛሬ የሚበላ ከተማ በጥቂት ጣቢያ ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ፍሬ ሲሰጥ ወደ ሁለተኛው መሄድ ይገባዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1975 የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በ1993 የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት እንደሆነና እንደማይሸጥ ደነገገ። በ2011 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቦታ በጨረታና በምደባ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ወሰነ። እንግዲህ ኮባያሺ በገንዘቡ መግዛት የነበረበትን መሬት እኛ በሕግ ይዘነዋል። መሣሪያው በእጃችን ሳለ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለው ከጣቢያ ዙሪያ የተገኘው የሊዝ ገንዘብ ከሌላው ገቢ ጋር ሳይቀላቀል ለባቡሩና ለሠፈሩ የሚውልበት የተለየ ሣጥን ነው እንላለን።

ሁለተኛም ነገር አለ። ሐዲዱ በብዙ ቦታ በሰፊ መንገድ መካከል በአጥር ታጥሮ የሚሄድ ስለሆነ፣ ወዲህ ማዶ ያለው ሱቅና ወዲያ ማዶ ያለው ሠፈር ተለያይተዋል። መሻገሪያ በሌለበት የጣቢያ ጎረቤት መባል ከስም አያልፍም። ከዚህም በላይ መለዋወጫ በመጥፋቱ ብዙ ባቡሮች መሥመሩ በተከፈተ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆመዋል። ለማይመጣ ባቡር የመሬት ዋጋ የሚጨምር ሰው የለም። ስለዚህ ከሣጥኑ የሚወጣው የመጀመሪያ ብር ለመለዋወጫና ለጥገና፣ ሁለተኛው ለመሻገሪያ፣ ለውሃና ለፍሳሽ መሆን አለበት። ሕንፃው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደረስን። በጣቢያው ዙሪያ ያለው መሬት ባዶ አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይቶ ልጆች ያሳደገ አባወራ አለ፤ ጉሊት የምትቸረችር እናት አለች፤ ጠላ የምትሸጥ፣ ጫማ የሚያድስ፣ ለእኛም በዱቤ ምሳ የምታበላን አለች። የቀበሌ ቤት ተከራይ የቦታው ባለይዞታ ስላልሆነ የመሬቱ ዋጋ ሲወጣ ከጭማሪው የሚደርሰው የለም። ምትክ ቤት በከተማው ዳር ቢያገኝ እንኳ፣ ጣራ አገኘ እንጂ ገበያውን፣ ዕድሩንና ደንበኛውን አጣ። ለድኻ የመጣ ባቡር ድኻውን ከጣቢያው ካራቀው ሥራው ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ውድ መሬት ላይ ድኻ ማስቀመጥ ብክነት ነው፤ መሬቱ ይሸጥና ገንዘቡ ለድኻው ይዋል» ይሉናል። አነጋገሩ የሚናቅ አይደለም፤ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ለማንም የሚተርፍ የለምና። ግን ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ በባቡር አዘውትሮ የሚሳፈረው መኪና የሌለው ሰው ነው፤ እርሱን አርቆ ባለመኪናውን ማስጠጋት ጣቢያውን ተሳፋሪ መንሣት ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ማስታረቅ እንደሚቻል በአገራችን ታይቷል። በኮንዶሚኒየም ቤቶች በምድር ቤት ያሉት ሱቆች በገበያ ዋጋ በጨረታ ሲሸጡ፣ ገንዘቡ ከላይ ያሉትን መኖሪያዎች ዋጋ ለማቅለል ረድቷል። ይህንኑ በጣቢያ ዙሪያ አስፍተን፣ መሥሪያ ቤቱና ትልቁ ሱቅ ሙሉውን ዋጋ ይክፈል፤ ከእርሱ በሚገኘው ገንዘብ በዚያው ሠፈር ለነባሩ ነዋሪ በአቅሙ የሚከራይ ቤት፣ ለጉሊቷም ጥላ ያለው መደብ ይሠራ።

እንግዲህ የምናቀርበው አሳብ በአጭሩ አራት ነው። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የነባር ነዋሪ መዝገብ ይጻፍ፤ ቤቱም በዚያው ሠፈር ተሠርቶ ሳያልቅ ማንም አይነሣ። የጣቢያው ገንዘብ የተለየ ሒሳብ ይኑረውና በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ከሱቆቹ የሚበዙት ከመሸጥ ይልቅ ይከራዩ። ሥራውም ሰው በብዛት ከሚወርድበት፣ ሁለቱ መሥመሮች በአንድ ሐዲድ ከሚሄዱበት ከስታዲየም እስከ ልደታ ካለው ክፍል በአንድ ጣቢያ ይጀመር።

ይህ ሁሉ በቃል ብቻ እንዳይቀር እኛም ድርሻችንን እንወጣ። በሚመጣው ቅዳሜ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ አንድ ጣቢያ ለመውረድ አስበናል። በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ስንት ቤት፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት መደብ እንዳለ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ማን ከየት እንደመጣ ጠይቀን እንጻፍ። የምጣኔ ሀብት፣ የምሕንድስና፣ የሕግና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ሁላችሁም ታስፈልጋላችሁ፤ መምህራኖቻችንም ስሕተታችንን እንድታርሙልን እንለምናለን። ነዋሪው ሳይቈጠር የተሸጠ ሠፈር፣ ከተሸጠ በኋላ ቢቈጠር ምን ይጠቅማል?

 አሁን ጥያቄውና ክርክሩ የእናንተ ነው።